አንድ ፊደል፣ አራት ቁጥር፦ የኮሪያው ጊዮክ በኮምፒውተር ውስጥ

ዓምድ፦ ከአይሲቲ ዓለም
አዘጋጅ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ

የዛሬው ዓምዳችን ለየት ያለ ትምህርት ይዞላችሁ ቀርቧል። ኪቦርድ ወይም ስልክ ላይ አንድ ፊደል ስንነካ፣ ያ ፊደል ውስጥ ገብቶ ምን ሆኖ ይቀመጣል? ይህን ነው የምናየው። ለምሳሌ የመረጥኩት የኮሪያን ፊደል ነው።

«የራሳችን ፊደል እያለ ኮሪያ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የኮሪያ ፊደል ቁጥር በሒሳብ ነው የሚወጣው። ማባዛትና መደመር የሚችል ተማሪ ሁሉ ይደርስበታል። ሁለተኛ፣ እነሱ ላይ የደረሰው ችግር እኛም ላይ አለ፤ ያውም በስማችን ላይ። እሱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። በሉ ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ፣ ሒሳብ አለው።

1ኛ. ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም

ኮምፒውተር የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል እንደማለት ነው። 0 እና 1ን ደርድሮ ግን ማንኛውንም ቁጥር መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ሰዎች አንድ ስምምነት አደረጉ። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጡት። ልክ ክፍል ውስጥ ስማችን ሳይጠራ «ቁጥር 17!» ሲባል 17ኛው ልጅ «አቤት» እንደሚለው ማለት ነው።

ድሮ እያንዳንዱ አገርና ድርጅት የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ታዲያ አንዱ ጋ የተጻፈው ሌላው ጋ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል። ይህን ለማስቀረት የዓለምን ፊደሎች በሙሉ በአንድ መዝገብ የሚይዝ ዩኒኮድ የሚባል ስምምነት ተዘጋጀ። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የእኛ ፊደል የገባው በ3ኛው እትም፣ በ1999 ነው።

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያዎች የዩኒኮድን ቁጥር የሚጽፉት በ16 መሠረት ነው። እኔ ግን ሁላችንም እንድንግባባ በለመድነው በ10 መሠረት ቀይሬ ጽፌዋለሁ።

2ኛ. ሀንጉል ምን ዓይነት ፊደል ነው?

የኮሪያ ፊደል ሀንጉል ይባላል። ያወጣው ንጉሥ ሴጆንግ ነው። ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1443 ሲሆን ለሕዝብ የታወጀው በ1446 ነው። ከዚያ በፊት ኮሪያውያን የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነበር። የቻይና ፊደል ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ ተራው ሰው የመማሪያ ጊዜ አልነበረውም። ንጉሡ ገበሬውም ሴቱም በቀላሉ እንዲማረው ብሎ ነው አዲሱን ፊደል ያወጣው። ደቡብ ኮሪያ ዛሬም በየዓመቱ ኦክቶበር 9 ቀን፣ በእኛ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ የሀንጉል ቀን ብላ ታከብረዋለች። ለፊደል በዓል! ደስ አይልም?

በመጀመሪያ 28 ፊደሎች ነበሩ። ዛሬ የሚሠራባቸው መሠረታዊ ፊደሎች 24 ናቸው፤ 14 ተነባቢ እና 10 አናባቢ። የመጀመሪያው ተነባቢ ጊዮክ ይባላል። ድምፁ በእኛ ግ እና ክ መካከል ነው። ቅርጹ 7 ቁጥርን ይመስላል፤ አንድ አግድም መስመር፣ ከቀኝ ጫፉ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ መስመር። ይህ ቅርጽ ዝም ብሎ አልመጣም። ግ ስንል የምላሳችን ሥር ወደ ላይ ተነሥቶ ጉሮሮን ይዘጋል። ጊዮክ የዚያ የምላስ ሥዕል ነው። እስቲ «ግ» በሉና ምላሳችሁ የት እንደሄደ ልብ በሉ።

ሀንጉል ከእኛ ፊደል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። እኛ «ገ» ስንል ተነባቢውና አናባቢው አንድ ላይ ተጣብቀው አንድ ፊደል ሆነዋል። ኮሪያውያን ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ ይጽፉና በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ይደረድሯቸዋል። ተነባቢ፣ አናባቢ፣ ከተፈለገ ደግሞ ከታች ሌላ ተነባቢ። ይህን አንድ አራት ማዕዘን እኔ «ቀለም» እለዋለሁ፤ በአማርኛ ትምህርት ቃልን በቀለም ስንከፍል እንደምንለው ማለት ነው።

ለምሳሌ ኮሪያውያን አገራቸውን «ሀንጉክ» ይላሉ። ሁለት ቀለም ነው፤ «ሀን» እና «ጉክ»። «ጉክ» የሚለውን እዩት። መጀመሪያው ላይ ጊዮክ አለ፣ መሐል ላይ ኡ አለ፣ መጨረሻው ላይ እንደገና ጊዮክ አለ። አንዱ ፊደል ከላይም ከታችም ተቀምጧል። ይህን አትርሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

3ኛ. አሁን ሒሳቡ

በዩኒኮድ ውስጥ የኮሪያ ቀለሞች ከ44032 ይጀምሩና 55203 ላይ ያበቃሉ። ለምን እዚያ አበቁ? እንቁጠራቸው።

መጀመሪያ ላይ መቀመጥ የሚችሉ ተነባቢዎች (ድርቦቹን ጨምሮ) = 19
መሐል የሚቀመጡ አናባቢዎች (ጥምሮቹን ጨምሮ) = 21
መጨረሻ ላይ የሚቀመጡ = 27፣ «ምንም የለም» የሚለውን ስንጨምር = 28

19 × 21 × 28 = 11172

ስለዚህ በዛሬው ኮሪያኛ ሊጻፉ የሚችሉ ቀለሞች በሙሉ 11172 ናቸው። 44032 ላይ ጀምረን 11172 ስንቆጥር የመጨረሻው 55203 ይሆናል። አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

የአንድን ቀለም ቁጥር ለማግኘት ደግሞ ቀመሩ ይኸውና፦

44032 + (የመጀመሪያው ተነባቢ ተራ × 588) + (የአናባቢው ተራ × 28) + (የመጨረሻው ተራ)

588 ከየት መጣ? 21 × 28 = 588 ነው። ማለትም በአንድ ተነባቢ የሚጀምሩ ቀለሞች 588 ናቸው። ጥንቃቄ አድርጉ፣ ተራው የሚቆጠረው ከ0 ነው እንጂ ከ1 አይደለም። ጊዮክ የመጀመሪያው ስለሆነ ተራው 0 ነው።

ምሳሌ 1፦ «ጉክ»
የመጀመሪያው ጊዮክ ተራ 0፣ የኡ ተራ 13፣ የመጨረሻው ጊዮክ ተራ 1 (ከታች 0 ማለት «ምንም የለም» ስለሆነ)።
44032 + (0 × 588) + (13 × 28) + 1
= 44032 + 0 + 364 + 1
= 44397

ምሳሌ 2፦ «ሀን»
የህ ተራ 18፣ የአ ተራ 0፣ የመጨረሻው ን ተራ 4።
44032 + (18 × 588) + 0 + 4
= 44032 + 10584 + 4
= 54620

በቃ! ስለዚህ «ሀንጉክ» ማለት ለኮምፒውተሩ 54620 እና 44397 ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ወደ ኋላም ይሠራል ወይ ብዬ ሞከርኩት። ይሠራል። ቁጥሩን ከሰጧችሁ 44032 ትቀንሳላችሁ፣ ለ588 ታካፍላላችሁ፣ ቀሪውን ለ28 ታካፍላላችሁ፣ የመጨረሻው ቀሪ የታችኛው ተነባቢ ነው። የ4ኛ ክፍል ማካፈል ለምን ይጠቅማል ለሚል መልሱ ይኸው።

4ኛ. ጊዮክ ብቻውን ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ጊዮክ ለብቻው በዩኒኮድ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም ያለው። አራት አለው።

ሀ) 12593፦ ብቻውን ሲጻፍ። ለምሳሌ «የመጀመሪያው ፊደል ጊዮክ ነው» ብለን ፊደሉን ብቻ ስናሳይ።
ለ) 4352፦ በቀለም መጀመሪያ ላይ ሲሆን።
ሐ) 4520፦ በቀለም መጨረሻ ላይ ሲሆን።
መ) 65441፦ ጠባቡ ጊዮክ። ይህ ከድሮ ኮምፒውተሮች የመጣ ነው። በድሮዎቹ የተጻፈ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ለዓይን ሁሉም ያው 7 የሚመስለው ጊዮክ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን አራቱ አራት የተለያዩ ናቸው። እኛ ቅርጽ እናያለን፣ እሱ ቁጥር ያያል።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። «ሀን» የሚለውን በ54620 በአንድ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። በሦስት ቁጥር በትኖ መጻፍም ይቻላል፤ 4370 (ህ ከላይ)፣ 4449 (አ)፣ 4523 (ን ከታች)። ስክሪን ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን አንዱ ሰው በበተነው ቢጽፍ፣ ሌላው በተሰበሰበው ቢፈልግ፣ ኮምፒውተሩ «የለም» ሊል ይችላል። እዚያው እያለ! አንዳንድ ኮምፒውተር የፋይልን ስም በትኖ ያስቀምጥና፣ ፋይሉ ሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የኮሪያው ስም ፊደል በፊደል ተበታትኖ የሚታይበት ጊዜም አለ።

የቦታውም ነገር አለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የአቀማመጥ ዘዴ ዩቲኤፍ 8 ይባላል። በእሱ አንድ የኮሪያ ቀለም 3 ባይት ይይዛል። አንድ ባይት 8 የ0 እና የ1 ቦታ ነው። 54620 በ3 ባይት ሲቀመጥ 237፣ 149፣ 156 ይሆናል። ስለዚህ «ሀንጉክ» 2 ቀለም ስለሆነ 6 ባይት ነው። በትነን ብንጽፈው ግን 6 ፊደል ስለሚሆን 18 ባይት ይይዛል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

ለበተነውና ለሰበሰበው ችግር ዩኒኮድ መፍትሔ አለው። ከማወዳደር በፊት ሁለቱንም ወደ አንድ መልክ ቀይር የሚል ሕግ አለ። አሁን ያየነው ቀመር ራሱ ነው የሚሠራበት። ሦስቱን ቁጥሮች ወስዶ ያባዛል፣ ይደምራል፣ 54620 ያደርጋቸዋል። ከዚያ ያወዳድራል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ይህን ሕግ ካልተጠቀመበት ግን ችግሩ እንዳለ ይቆያል።

5ኛ. የጠፉት 8822 ቀለሞች

ኮሪያውያን 11172ቱን ሁሉ ያገኙት በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ደቡብ ኮሪያ ባወጣችው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ የገቡት 2350 ቀለሞች ብቻ ነበሩ። በብዛት የሚያገለግሉትን መርጠው ነው ያስገቡት። 11172 ሲቀነስ 2350፣ 8822 ይሆናል። 8822 ቀለሞች ውጭ ቀሩ ማለት ነው።

«የማይፈለጉ ከሆኑ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ የመጣው ወዲያው ነው። በ1990 በቴሌቪዥን የታየ አንድ የኮሪያ ድራማ ርእሱ የሚጀምረው «ቶም» በሚል ቀለም ነበር (ቱ ጠንከር ብሎ ይነበባል)። ይህ ቀለም ከ2350ዎቹ ውስጥ የለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ድራማ ነው፣ ርእሱን ግን በኮምፒውተር በትክክል መጻፍ አስቸገረ። ከድራማው የሚብሰው ደግሞ የሰው ስም ነው። ስሙ ውስጥ ያልተለመደ ቀለም ያለበት ሰው የራሱን ስም ኮምፒውተር ላይ መጻፍ አይችልም ነበር። እስቲ አስቡት፣ እናትና አባት ያወጡላችሁን ስም «መዝገብ ውስጥ የለም» ሲሏችሁ!

በ1996 የዩኒኮድ 2ኛው እትም ሲወጣ 11172ቱም በሙሉ ገቡ። «ቶም»ም ቁጥር አገኘ፤ 46624 ነው። በቀመራችን አረጋግጡት፤ ተራዎቹ 4፣ 8 እና 16 ናቸው። ግን ይህን ለማድረግ ሲባል ቀድሞ የነበሩት የኮሪያ ቀለሞች ቦታቸው ተነሥቶ ወደ 44032 ተዛወሩ። በአሮጌው ቁጥር የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ በአዲሱ አይነበብም። ከዚያ ወዲህ ዩኒኮድ አንድ ጠንካራ ደንብ አወጣ፦ አንዴ ቁጥር የተሰጠው ፊደል ከእንግዲህ ከቦታው አይነሣም። ይህ ደንብ ለእኛም ጠቅሞናል። የእኛ ፊደል በ1999 ከገባ ጀምሮ ቁጥሩ ያው ነው።

6ኛ. ጎረቤታችን ማን ነው?

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። የኮሪያ ነጠላ ፊደሎች (መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ የሚሆኑት) የተመደበላቸው ቦታ ከ4352 እስከ 4607 ነው። የእኛ «ሀ» ቁጥሩ ስንት ይመስላችኋል? 4608! ማለትም በዓለም መዝገብ ላይ የኮሪያ ፊደልና የእኛ ፊደል አጥር ለአጥር ጎረቤቶች ናቸው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ድረስ ሄዶ መዋጋቱን እናውቃለን። በፊደል ደግሞ ኮሪያ መጥታ ደጃችን ላይ ሠፍራለች።

የእኛም ቁጥር ሥርዓት አለው። ከ«ሀ» ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር 8 ቦታ ተሰጥቶታል። ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632፣ ሠ 4640፣ ረ 4648፣ ሰ 4656 እያለ ይሄዳል። ከዚያ ካዕብ ከሆነ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ትደምራላችሁ። ስለዚህ «ሰላም» የሚለው ቃል፦

ሰ = 4656
ላ = 4616 + 3 = 4619
ም = 4632 + 5 = 4637

እያንዳንዱ ፊደል እንደ ኮሪያው 3 ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» 9 ባይት ነው።

7ኛ. ታዲያ እኛን ምን አገባን?

መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ አሁን መጣ። አንድ የማውቃት ልጅ ለመመዝገብ ሄዳ ስሟ ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ «የለሽም» ተባለች። ተመዝግባ ነበር እኮ! የአባቷ ስም ኃይሉ ነው። መጀመሪያ የመዘገበው ሰው በ«ኃ» ጽፎታል፣ የሚፈልገው ሰው ደግሞ «ሀይሉ» ብሎ ነው የጻፈው። ስናነበው ያው አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ኃ 4739፣ ሀ 4608 ነው። ጭራሽ አይገናኙም። ልጅቱ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ እናቷ መጥተው ዝርዝሩ ተራ በተራ በዓይን ሲታይ ስሟ ተገኘ።

ከኮሪያው ችግር ጋር አንድ ይመስላል፣ ግን ልዩነት አለው። የኮሪያው የተበተነው «ሀን» እና የተሰበሰበው «ሀን» በእውነትም አንድ ናቸው። ስለዚህ ዩኒኮድ «እኩል ናቸው» ብሎ ሕግ አውጥቶላቸዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆነ እንጂ በግእዝ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ፊደል ሲለወጥ ትርጉም የሚለወጥበት ቃልም አለ። ስለዚህ ዩኒኮድ አንድ ናቸው ሊል አይችልም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደዚሁ ናቸው።

ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንደኛው ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች ጋ ነው። ስም ሲፈለግ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ላይ እንዲፈለጉ ማድረግ ይቻላል። ፊደሉን ማጥፋት አያስፈልግም፤ በፍለጋ ጊዜ ብቻ እኩል ማድረግ በቂ ነው። ይህን ከመካከላችን አንድ ቀን የሚሠራው ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው እኛው ጋ ነው። ሀ) ስማችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም በልደት ሰርተፊኬታችን ላይ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ እንወቅ። ለ) በየፈተናው ወረቀትና በየፎርሙ ላይ ሁልጊዜ በዚያው እንጻፍ። ሐ) ስማችን ሲፈለግ «የለም» ከተባልን ሳንደነግጥ «እባክዎ በሌላኛው ሀ ይፈልጉልኝ» እንበል። እኔ ይህን ካጠናሁ በኋላ የቤተሰቦቼን ስም በሙሉ ከነፊደላቸው ደብተሬ መጨረሻ ላይ ጽፌ ይዣለሁ።

መልመጃ

1. 45208 የትኛው የኮሪያ ቀለም ነው? (ፍንጭ፦ የተነባቢዎች ተራ 0 ግ፣ 2 ን፣ 3 ድ፣ 6 ም፣ 9 ስ ነው። የአ ተራ 0 ነው።)
2. «ሳን» በኮሪያኛ ተራራ ማለት ነው። ቁጥሩን አውጡ። የመጨረሻው ን ተራ 4 መሆኑን አትርሱ።
3. በጊዮክ የሚጀምሩት ቀለሞች ከ44032 ይጀምራሉ። የመጨረሻቸው ቁጥር ስንት ነው?
4. «መለሰ» የሚለውን ቃል በቁጥር ጻፉ። ከዚያ የመጨረሻውን ፊደል በንጉሡ ሠ ቀይራችሁ እንደገና ጻፉ። ልዩነቱ ስንት ነው?

መልሳችሁን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በክበባችን የአስተያየት ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ትክክለኛውን መልስ ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም ይዤላችሁ እቀርባለሁ። ስማችሁን ስትጽፉ ግን ፊደሉን አደራ!

እስከዚያው መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንላችሁ። ቸር ይግጠመን።